አዲስ መኪና ገዝታችኋል? ቀለሙን ከእጥበቱ አድኑት

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ስወጣ የግቢያችን ጥበቃ መኪናዬን እየጠረጉ ነበር። በእጃቸው የያዙት አሮጌ ካናቴራ ነው። ሌሊት ያረፈውን አቧራ ከኮፈኑ ላይ ጠረግ ያደርጋሉ፣ ካናቴራውን ያራግፋሉ፣ ከዚያ ወደ በሩ ይዞራሉ። ማንም አላዘዛቸውም። አዲስ መኪና አቧራ ለብሶ አይውጣ ብለው ከልባቸው ነው የሚያደርጉት። ፀሐይዋ ወጣ ብላ ኮፈኑ ላይ ስታርፍ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ጥቁሩ ቀለም ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ የጭረት መረብ ተዘርግቷል። መኪናው ገና ሦስት ወር አልሞላውም።

"አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ግን በደረቁ አይጥረጉት፤ አቧራው እየቧጨረው ነው" አልኳቸው።

"እንዴ ልጄ! አቧራውን እኮ እያነሳሁለት ነው" አሉኝ።

የስልኬን መብራት አብርቼ ኮፈኑን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። "ይሄ ሁሉ በጨርቅ?" አሉ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

አዎ፣ በጨርቅ ነው። የብዙ አዲስ መኪና ቀለም የሚበላሸው መንገድ ላይ አይደለም። ግቢ ውስጥና ላቫጆ ውስጥ ነው። ያበላሸነውም ልናጸዳው ስንሞክር ነው። መኪና አጥባችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከአንድ ነገር ይነሳል፦ ውሃ አብዙ፣ ንክኪ ቀንሱ።

ክሊሩ ከፀጉር ይቀጥናል

ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። ብረቱ ላይ ዝገት የሚከላከል ሽፋን አለ። ከላዩ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም የሌለውና የሚያንጸባርቀው ክሊር ይመጣል። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ክሊሩ ለብቻው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት በአማካይ ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። የምታጥቡት እንግዲህ ከራሳችሁ ፀጉር የቀጠነ ነገር ነው።

አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከክሊሩ በጣም ይጠነክራል። ደረቅ አቧራ ላይ ጨርቅ ጭናችሁ ስትስቡ ጨርቁ የብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ትንሽ ቦይ ትቆፍራለች። አንዷ ብቻዋን አትታይም። ሺዎቹ ሲጠራቀሙ ግን ብርሃኑን ይበታትኑታል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ቀይ ላይ ቶሎ ይታወቃል። ነጭ ላይ ዓይን ስለማያየው ነው እንጂ ጭረቱ እዚያም አለ።

ጭረት በማሽን ፖሊሽ ይጠፋል፤ ይህ እውነት ነው። የሚጠፋው ግን ክሊሩ ተልጎ ከጭረቱ ጥልቀት እኩል እንዲሆን በማድረግ ነው። በየዓመቱ እያሳሱ መቀጠል አይቻልም፤ ክሊሩ ያልቃል። ክሊር ካለቀ መድኃኒቱ ቀለም ቤት ብቻ ነው።

ፀሐዩም ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ጨረሩን ቀለሙ ላይ እንዳይደርስ የሚይዘው ያው ስስ ክሊር ነው።

መኪናውን የተረከባችሁ ቀን

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና ስንል በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው። በመርከብ ጂቡቲ ደርሶ፣ ከዚያ ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው የሚመጣው። ብዙዎቹ ኮፈናቸውና ጣራቸው ላይ ነጭ ፕላስቲክ ተለጥፎባቸው ይደርሳሉ። አንዳንድ ሰው ፕላስቲኩን "ቀለሙን ይጠብቅልኛል" ብሎ ወራት ያቆየዋል። እባካችሁ አንሱት። የተሠራው ለጉዞ ነው። ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይደርቃል፤ ከስሩ የገባ አቧራና እርጥበትም ምልክት ይተዋል። ስታነሱት ከጥግ ጀምራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ወደ ራሱ እያጠፋችሁ ሳቡት። የሚቀር ሙጫ ካለ በጥፍር ወይም በምላጭ አትንኩት። ለመኪና ተብሎ የሚሸጥ ሙጫ ማስለቀቂያ ይኑራችሁ።

ሻጩ "አጥበን፣ ፖሊሽ አድርገን እናስረክባችሁ" ካላችሁ፣ "አይ፣ እንዳለ ስጡኝ" በሉ። በአቧራው መረከብ ይሻላል። ጭረት ካለም በፀሐይ ላይ አይታችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አሳዩ።

"አዲስ ቀለም መተንፈስ አለበት፤ ሦስት ወር ሰም አትቀቡ" የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ሰም ክሊሩን እንዲጠብቅ ከላዩ የሚቀባ መከላከያ ነው። ይህ ለፋብሪካ ቀለም አይሠራም። የፋብሪካ ቀለም ወደ 140 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ተጋግሮ ነው የሚወጣው፤ ለእጃችሁ ሲደርስ ደርቆ አልቋል። ምክሩ የሚሠራው ባትላሜራ ገብቶ እንደገና ለተቀባ ክፍል ነው። እሱ ከ30 እስከ 90 ቀን ያስፈልገዋል፤ ስንት ቀን እንደሆነ የቀባውን ሰው ጠይቁ።

ምን ልግዛ?

ብዙ አይደለም። ሁለት ባልዲ ለመኪናው፣ አንድ ሦስተኛ ለቸርኬና ለጎማ። ከማይክሮፋይበር፣ ማለትም በጣም ከቀጠነ ሰው ሠራሽ ፈትል፣ የተሠራ የእጥበት ጓንት። ትልቅ፣ ወፍራም ማድረቂያ ፎጣ፣ ቢቻል ሁለት። አራት አምስት ትናንሽ የማይክሮፋይበር ጨርቆች። የመኪና ሻምፖ። ለቸርኬ የሚሆን ለስላሳ ብሩሽ። ባልዲው ውስጥ ታች የሚቀመጥ ወንፊት ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ አሸዋው ታች ወርዶ እንዳይነሳ ያደርጋል።

ሻምፖው ላይ "ፒኤች ኒውትራል" (አሲድም አልካላይንም ያልሆነ) የሚል ካለ እሱን ውሰዱ። ኦሞም ሆነ ሌላ የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም። አልካላይን ነው፤ የቀባችሁትን ሰም ይገፈዋል፤ ያልሟሟ ቅንጣቱም ይቧጭራል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናም ቅባት እንዲያወጣ የተሠራ ስለሆነ መከላከያውን ይዞት ይሄዳል። የኩሽና ስፖንጅ ደግሞ ገጹ ጠፍጣፋ ነው፤ አሸዋው የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ቀለሙ ላይ እንደተጫነ ይጎተታል። ጓንቱ ረጃጅም ፈትል አለው። አሸዋው ፈትሉ ውስጥ ይሰወራል። ልዩነታቸው ይኸው ነው።

ካናቴራ፣ ነጠላ ቅዳጅ፣ አሮጌ ፎጣ፣ የላባ መጥረጊያ ለቀለሙ አይሁኑ። ለጎማ ይሁኑ።

እጥበቱ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ጥላ ፈልጉ። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። የእጃችሁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ከሞቀ ጠብቁ። የሞቀ ብረት ላይ ሳሙናው ሳይታጠብ ይደርቃል፤ ውሃውም ተንኖ ነጭ ክብ ምልክት ይተዋል። የቤታችሁ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ውሃችሁ ማዕድን ይበዛዋል ማለት ነውና ለዚህ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ በተለይ።

ከቸርኬው ጀምሩ። በጣም ቆሻሻው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁት የታጠበውን በር መልሳችሁ ትረጩታላችሁ። የራሱን ባልዲ፣ የራሱን ብሩሽ፣ የራሱን ጨርቅ ያዙለት። ከፍሬን የሚወጣው የብረት ብናኝ ስለታም ነው፤ ቸርኬ ያጠበ ጨርቅ ወደ ቀለም አይመለስም።

ቀጥሎ አለቅልቁ። ሳሙና ከመንካታችሁ በፊት፣ በውሃ ብቻ። ከጣራው ጀምራችሁ ወደ ታች። ይህን ክፍል ሰው ይቸኩልበታል፤ እኔ ግን ከሁሉም ደረጃ የምመርጠው ይህን ነው። በጎማ ውሃ ከሆነ አራት አምስት ደቂቃ ስጡት። በውሃ ብቻ የወረደ አሸዋ ጓንታችሁ የማይነካው አሸዋ ነው። ከጎማዎቹ ኋላ ያለው የበሩ ታች፣ የኋላ ፓራውልትና ታርጋው አካባቢ ጭቃ ስለሚይዝ ደጋግሙት። የግፊት ማሽን ካላችሁ አፉ ሰፋ ብሎ የሚረጨውን ምረጡ። ከቀለሙ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ራቁ። ካሜራውና ሴንሰሩ ላይ፣ በር ጎማዎቹ ላይ፣ ቀለም የተላጠበት ቦታ ላይ አታተኩሩ።

አሁን ሁለቱን ባልዲ አቅርቡ። አንዱ ሻምፖ ያለው ውሃ፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። የሻምፖውን ልክ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ተከተሉ፤ ማብዛት አያጸዳም፣ ማለቅለቁን ብቻ ያከብዳል። ጓንቱን ሻምፖ ውስጥ ነክራችሁ ጣራውን እጠቡ። አትጫኑ። የጓንቱ የራሱ ክብደት ይበቃል። እየዞራችሁ ክብ አትሥሩ፤ ቀጥ ብላችሁ ከፊት ወደ ኋላ ሂዱ። አንድ ክፍል ሲያልቅ ጓንቱን ንጹሑ ውሃ ውስጥ ከወንፊቱ ጋር አሹት፣ ጭመቁት፣ ከዚያ ወደ ሻምፖው መልሱት። እንደገና ሌላ ክፍል።

ቅደም ተከተሉ ጣራ፣ መስታወቶች፣ ኮፈን፣ የኋላ ኮፈን፣ የበሮቹ ላይኛ ግማሽ ነው። ከዚያ የበሮቹ ታች፣ ፓራፋንጎውና ፓራውልቶቹ። ከሁሉም የቆሸሸው የበሩ የታችኛው ጠርዝ መጨረሻ ላይ ይሁን። ሁለተኛ ጓንት ካላችሁ ለታችኛው ክፍል እሱን ብቻ ተጠቀሙ። አንድ ጎን እየጨረሳችሁ ሳይደርቅ አለቅልቁት።

ሲያልቅ የንጹሑን ውሃ ባልዲ ቀስ ብላችሁ ድፉና ስሩን ተመልከቱ። እንደ ቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ደለል ተቀምጦ ታያላችሁ። በአንድ ባልዲ አጥባችሁ ቢሆን ያ አተላ ሳሙናው ውስጥ ሆኖ ኮፈኑን ሲዞረው ይውል ነበር። ሁለተኛውን ባልዲ "ትርፍ ሥራ ነው" ለሚለኝ ሰው ሁልጊዜ ይህን ነው የማሳየው።

ለመጨረሻው ማለቅለቅ የጎማውን አፍ አውጡትና ውሃው ያለ ግፊት ከጣራው ጀምሮ ይፍሰስ። ውሃው ተያይዞ ሲንሸራተት አብዛኛውን ይዞት ይወርዳል፤ የሚደርቀው ትንሽ ብቻ ይቀራል።

ማድረቁን አትተዉት። "በነፋስ ይደርቃል" ብላችሁ ስትነዱት አቧራው ከእርጥቡ ላይ ይለጠፋል። ትልቁን ፎጣ ኮፈኑ ላይ ዘርጉት፣ በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ አንሱት። ማሸት አያስፈልግም፤ መምጠጥ ነው የምንፈልገው። ከስፖኪዮ ስርና ከበር እጀታ ውሃ ቆይቶ ይወርዳል፤ አንድ ትንሽ ጨርቅ ለእሱ ያዙ። በመጨረሻ በሮቹን ከፍታችሁ የበሩን ውስጥ ጠርዝ ጥረጉ። ፎጣው መሬት ከወደቀ እሱ ቀን ሥራው አብቅቷል።

ውሃ በፈረቃ ሲሆን

በየሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶ የሌለው ሰው ግማሽ ሰዓት ጎማ ከፍቶ መኪና ሊያጥብ አይችልም፤ ተገቢም አይደለም። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃችኋል። አንዱን ጀሪካን በጆግ ቀስ እያላችሁ ከላይ ወደ ታች ለመጀመሪያው ማለቅለቅ፣ አንዱን ለሁለቱ ባልዲ፣ አንዱን ለመጨረሻው።

ከዚህም ያነሰ ውሃ ካላችሁ ሳይለቀለቅ የሚደርቅ ሻምፖ አለ። አሥር ሊትር ውሃ ውስጥ ትንሽ ጠብ ይደረግበታል፤ አቧራውን ያንሸራትተዋል፤ ከታጠበ በኋላ በፎጣ ይደርቃል እንጂ ውሃ አይደፋበትም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስድስት ሰባት ማይክሮፋይበር ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ይነከራል። አንዱን አውጥታችሁ ለአራት ታጥፋላችሁ፤ ስትገልጡትና ስትገለብጡት ስምንት ገጽ ይኖረዋል። በአንድ ገጽ አንዴ ብቻ ትስባላችሁ፤ ከዚያ ገጹን ትቀይራላችሁ። ስምንቱ ሲያልቅ ጨርቁ ይቀመጣል፤ ወደ ባልዲው አይመለስም። ይህ ለአቧራ ነው። ጭቃ ላለበት መኪና ግን አትሞክሩት።

ግቢ ውስጥ አቧራ ብቻ ካለበትና ጊዜ ካጣችሁ ምንም አለማድረግ ይሻላል። የፊት መስታወቱንና ስፖኪዮውን በእርጥብ ጨርቅ አጽድታችሁ ሂዱ። አቧራ የለበሰ መኪና አሳፋሪ አይደለም።

የመኪና ልብስ ስለማልበስም ልጨምር። በአቧራው ላይ ካለበሳችሁት ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ቀለሙን ይቧጭረዋል። ታጥቦ ደርቆ ከሆነ ብቻ ይልበስ።

ላቫጆ ስትሄዱ

ላቫጆ የሚሠሩ ልጆች ከባድ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ናቸው። ችግሩ የሚያጋጥማችሁ ጨርቅ ከእናንተ በፊት ጭቃ የበላ አይሱዙ ማጠቡ ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ጓንትና ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ። "ወንድሜ፣ መጀመሪያ በደንብ ውሃ ብቻ ልቀቅበት፤ በኔ ጓንት ነው የምታጥብልኝ፤ ለማድረቂያም ይሄው ፎጣ" ካላችኋቸው የሚከፋ የለም። ጉርሻውን ቀደም ብላችሁ ብታሳዩ ደግሞ ጊዜውን ይሰጣችኋል።

ናፍጣ አይርጩበት። ስሩን ለማጽዳት፣ ጎማውንም ለማጥቆር ብለው የሚረጩ አሉ። ለጊዜው ያብረቀርቃል። ግን የላስቲክ ክፍሎችን ያበላሻል፣ ሰሙን ያሟሟል፣ የሚቀረው ቅባትም አቧራ ይስባል። ሳምንት ሳይሞላ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል።

መኪናችሁ ኤሌክትሪክ ከሆነ ኮፈን አስከፍታችሁ "ሞተር እጠብልኝ" አትበሉ። ሌላው ከፍቶ ሊያጥብ ሲል ካያችሁም አስቁሙት። እዚያ ውስጥ ያሉት ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ወፋፍራም ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሸከሙ ናቸው። ቻርጅ ላይ እያለ አይታጠብ። የቻርጅ መሰኪያው ክዳን መዘጋቱን አረጋግጡ፤ ግፊት ያለው ውሃም አታነጣጥሩበት። በራሱ የሚሠራውን የመስታወት መጥረጊያም አጥፉት፤ ውሃ ሲያርፍበት ድንገት ተነስቶ ጨርቅ የያዘውን ልጅ እጅ ሊመታ ይችላል።

መንገድ ዳር ባልዲና ጨርቅ ይዘው የሚያጥቡትን ልጆች ሥራ አትከልክሏቸው። ጎማ፣ ምንጣፍና መስታወት ስጧቸው። ቀለሙን ለራሳችሁ አስቀሩት።

ቅዳሜ የማይጠብቅ እድፍ

የወፍ ኩስ ካያችሁ ለሌላ ቀን አታስተላልፉት። አሲድነት አለው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ክሊሩ ውስጥ ይገባና ሲታጠብ የማይለቅ ቅርጽ ይተዋል። በደረቁ አትፋቁት፤ ውስጡ ፍሬና አሸዋ አለ። ውሃ የጠጣ ሶፍት ወይም ጨርቅ ላዩ ላይ አስቀምጡ። አምስት ደቂቃ ቆዩ። ከለሰለሰ በኋላ ወደ ላይ ቆንጥጣችሁ አንሱት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። መኪናዬ ውስጥ አንድ የሃይላንድ ውሃና ሁለት ማይክሮፋይበር ጨርቅ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

የዛፍ ሙጫ፣ በተለይ የጥድ፣ ከደረቀ በጥፍር አይነካም። ከፋርማሲ የምትገዙትን አልኮል ጨርቅ ላይ አድርጉና ሙጫው ላይ ለግማሽ ደቂቃ አስቀምጡት። ይለሰልሳል። ቀስ ብላችሁ አንሱት፤ ቦታውን እጠቡ። አልኮሉ ሰሙንም ስለሚያነሳ እዚያ ቦታ ላይ መልሳችሁ ቀቡ።

ሲሚንቶ ለከተማችን የተለየ ጠላት ነው። ሕንፃ የማይሠራበት ሰፈር የለም። ብናኙ ደረቅ ሆኖ ሳለ ብዙ ውሃ ያወርደዋል። ጤዛ ወይም ካፊያ ካገኘው ግን ይጋገራል። በግንባታ አጠገብ ካቆማችሁ ያንኑ ቀን አለቅልቁት። የደረቀች ጠብታ ካለች ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ፣ ጨርቅ ነክራችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉባት። ሲለሰልስ አለቅልቁ። በግድ አትፈልቅቋት።

ሬንጅ የተረጨበት መንገድ ካለፋችሁ የበሩ ታች ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታገኛላችሁ። ሬንጅ ማስለቀቂያ ይሸጣል። ርጩት፣ ሲሟሟ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፣ ጠርጋችሁ በሻምፖ እጠቡት።

አሁን ወደ መከላከያው

መከላከያ ማለት ክሊሩ ላይ የሚቀመጥ ሌላ ስስ ንብርብር ነው። እድፉና ፀሐዩ ክሊሩን ሳይሆን እሱን ይነካሉ። ከመቀባታችሁ በፊት ቀለሙ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ታጥቦ የጸዳ የሚመስል ቀለም ደግሞ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። በፌስታል ፈትኑት። ታጥቦ የደረቀ ኮፈን ላይ እጃችሁን ቀጭን ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ በጣታችሁ ጫፍ በቀስታ ዳብሱት። እንደ መስታወት ከተንሸራተተ ጥሩ ነው፤ ምንም አታድርጉ። እንደ ደረቅ ጤፍ የሚቆረቁር ነገር ከተሰማችሁ የተለጠፈ ብናኝ አለ።

ነጭ መኪና ላይ ብርቱካናማ ነጥቦች ካያችሁ የብረት ብናኝ ነው፤ ብናኙ መዝገት ጀምሯል። ቀለማችሁ ዝጎ አይደለምና አትደንግጡ። ብረት ማስለቀቂያ ፈሳሽ ስትረጩበት ከብረቱ ጋር ሲዋሃድ ወይን ጠጅ ይሆናል። ሳይደርቅ አለቅልቁት። ከዚህ በኋላም የሚቆረቁር ካለ ክሌይ ባር ይመጣል። እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ነገር ነው። የሻምፖ ውሃ በብዛት ረጭታችሁ በቀስታ ታንሸራትቱታላችሁ፤ ቆሻሻ ሲይዝ አጥፋችሁ ንጹሑን ገጽ ታወጣላችሁ። መሬት ከወደቀ ጣሉት። ክሌይ ራሱ ትንሽ ሊቧጭር ስለሚችል በዓመት ከአንድ ሁለት ጊዜ አይለፍ። አዲስ መኪና ላይ ፌስታሉ "አያስፈልግም" ካላችሁ እመኑት።

ከዚያ ምርጫው ነው። ከዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ሰም ደስ የሚል ሙቀት ያለው ነጸብራቅ ይሰጣል፤ የሚቆየው ግን ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለት ሦስት ወር ነው። ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ መከላከያ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይዘልቃል። ለጀማሪ የምመክረው ሲላንቱን ነው። ቀላል ነው፣ ስህተት ይችላል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። አንዴ ግንቦት መጨረሻ ላይ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንዴ ከመስቀል በኋላ ጭቃው ሲያልፍ።

አቀባቡ ላይ የሰው ሁሉ ስህተት ማብዛት ነው። መቀቢያ ስፖንጁ ላይ የአንድ ሳንቲም ያህል ጠብ አድርጉ። አንድ ክፍል ላይ በጣም ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት። ጠርሙሱ ያለውን ደቂቃ ጠብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ነው። ጭጋግ ሲመስል በጣታችሁ አንዴ ሰረዝ አድርጉበት። ጣታችሁ ያለፈበት ጠርቶ ከታየ ደርሷል፤ በንጹሕ ማይክሮፋይበር አንሱት። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ሴራሚክ የሚባለው፣ በፈሳሽነት ተቀብቶ ክሊሩ ላይ የሚጠነክረው መከላከያ፣ ከዓመት እስከ ጥቂት ዓመት ይቆያል። ውሃው ተሰብስቦ ይሸሻል፣ ቆሻሻ በቀላሉ ይለቃል። ግን ሲሸጥ የሚነገርለትን ሁሉ አትመኑ። "9ኤች ነው፣ አይጫርም" ይሏችኋል። ያ ቁጥር የሚለካው በእርሳስ ጥንካሬ ነው፤ አሸዋ አሁንም ይጭረዋል፣ ድንጋይም ይላጠዋል። ሴራሚክ ያለበት መኪናም በሁለት ባልዲ ነው የሚታጠበው። ገንዘቡን የምትከፍሉት ከመቀባቱ በፊት ላለው ዝግጅት ነው። ስለዚህ ባለሙያውን "ከመቀባትህ በፊት ምን ምን ታደርጋለህ? የቀለሙን ውፍረት በመሣሪያ ትለካለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። "በሁለት ሰዓት እጨርሳለሁ" ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ከተቀባ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል አይታጠብም።

ድንጋይ በእውነት የሚያቆመው ፒፒኤፍ የሚባለው ወፍራም ግልጽ ፊልም ብቻ ነው። ውድ ነው። ኮረኮንች የምትመላለሱ ከሆነ ሙሉ መኪናውን ማልበስ ሳያስፈልግ የፊት ፓራውልቱን፣ የኮፈኑን ፊትና ስፖኪዮዎቹን አስለብሱ። በር እጀታው ስር ያለው ጎድጓዳ ቦታም በጥፍርና በቀለበት ቶሎ ይጫራል፤ እዚያ ትንሽ ቁራጭ ይበቃዋል።

የጨርቆቹ አያያዝ

ሁሉን በትክክል ሠርታችሁ በቆሸሸ ፎጣ ከጨረሳችሁ ልፋቱ ከንቱ ነው። ማይክሮፋይበር ከልብስ ጋር አይታጠብ፤ የጥጥ ብናኝ ይይዛል። በፈሳሽ ሳሙና፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ለብቻው እጠቡት። ማለስለሻና በረኪና አይጨመርበት፤ ማለስለሻው ፈትሉን ይደፍነውና ውሃ መምጠጥ ያቆማል። አቧራ በማይነፍስበት ጥላ አስጡትና ሲደርቅ ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ አስቀምጡት። ለቀለም፣ ለመስታወትና ለቸርኬ የሚሆኑትን በቀለማቸው ለዩአቸው፤ እኔ ሰማያዊውን ለቀለም፣ አረንጓዴውን ለመስታወት፣ ግራጫውን ለቸርኬ ነው የማደርገው። ለጥበቃችንም አንድ አረንጓዴ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ጠዋት የፊት መስታወቱን በእርጥቡ ያጸዱልኛል፣ ኮፈኑን ግን አይነኩትም። ሰማያዊ ፎጣ አንዴ መሬት ከወደቀ ወደ ግራጫዎቹ ይዛወራል። ታጥቦም ቢሆን ወደ ኮፈን አይመለስም።